የአደራ መዥገሮች

አሶሳ ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ "የከብት ጤና" እላለሁ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ተሳስቼ እውነቱን ተናግሬ ነበር። መዥገር ሆድ ውስጥ ስለሚኖር ባክቴሪያ አጠናለሁ ስል አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ በሩ ተጠጋች፤ ሾፌሩም ስወርድ ብሩን በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀበለኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ከመዥገር ጋር የተዋወቅሁት በፍቅር አይደለም።

አባቴ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ ያደግሁት ባምባሲ አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ ከላሞቻችን ጡት ሥር መዥገር እንለቅም ነበር፤ የለቀምነውን እሳት ላይ ስንጥለው ጧ ብሎ ሲፈነዳ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ የከብት ጤና ተምሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጠርኩ። ለሁለተኛ ዲግሪ ስመዘገብ ደግሞ አማካሪዬ የሰጡኝ ርዕስ ያንኑ ተባይ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ጓደኞቼ ስለ ወተትና ስለ ማር ሲያጠኑ እኔ መዥገር ይዤ ልዞር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዥገር ከተፈለፈለ ጀምሮ እስኪሞት ደም እንጂ ሌላ አይቀምስም። ደም ደግሞ እንደሚወራለት ሙሉ ምግብ አይደለም፤ ብረቱና ፕሮቲኑ የተትረፈረፈ ነው፣ አንዳንድ ቫይታሚኖች ግን የሉበትም ማለት ይቻላል። ሰው ደም ብቻ ጠጥቼ ልኑር ቢል ብዙም አይቆይም። መዥገር የሚቆየው ጓዳው ውስጥ ሠራተኛ ስላለው ነው። በሰውነቱ ውስጥ፣ በተለይ በሴቷ የእንቁላል ማፍሪያ ውስጥ፣ ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ተቀምጠው የጎደለውን ቫይታሚን ይሠሩለታል። እነሱም በበኩላቸው ከመዥገሩ ውጭ መኖር ረስተዋል። ሴቷ እንቁላል ስትሠራ ባክቴሪያዎቹ አብረው ወደ እንቁላሉ ይገባሉ፤ ልጅ ከእናቷ የምትወርሰው ይህንን ነው። በወንዱ መዥገር በኩል ግን የትም አይደርሱም፤ እሱ ሲሞት እነሱም አብረውት ያልቃሉ። ይህንን ለባለቤቴ ስነግራት "ወንድ ድሮስ!" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የኔ ጥያቄ ከዚህ የሚቀጥል ነው። ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት የተወጋ ከብት ደም የጠጣች መዥገር ምን ትሆናለች? በሌላ አገር፣ በሌላ ዓይነት መዥገር ላይ ያዩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ሲያዩዋት ምንም አትሆንም። ትጠግባለች፣ ትወድቃለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች። እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም። ቡናማ ሆኖ እያብረቀረቀ ይሰነብትና ይጨማደዳል። የኛዎቹስ? ክረምት ሲገባ በከብቶቻችን ጡትና ጭራ ሥር የሚንጠለጠሉት ትልልቆቹ፣ ወንዶቹ ጀርባቸው በቀለም ያጌጠው፣ እነሱስ ያለዚያ ባክቴሪያ መራባት ያቅታቸው ይሆን? ይህንን ለማወቅ ሁለት ወገን ያስፈልገኝ ነበር፤ መድኃኒት ከተወጋ ከብት የወደቁ መዥገሮችና መድኃኒት ካልነካው ከብት የወደቁ መዥገሮች። ከዚያ የሁለቱን እንቁላል ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው።

የተወጋው ወገን አላስቸገረኝም፤ ላቦራቶሪው ግቢ ውስጥ የነበረውን በሬ ራሴ ወጋሁት። ያስቸገረኝ ያልተወጋውን ማግኘት ነው። አገራችን የገንዲ በሽታ አገር ነው። የቆላ ዝንብ ከብቱን ይነድፋል፣ ከብቱ ይከሳል፣ ባለቤቱ መርፌ ይገዛል። መርፌ የለመደ ሰው ደግሞ ሁሉንም በመርፌ ያክማል፤ ሳሉንም፣ የእግር ቁስሉንም፣ የማያውቀውንም ሕመም ሁሉ ኦክሲ በሚባለው ቢጫ መድኃኒት ይወጋዋል። የኔን ባክቴሪያ የሚገድለው መድኃኒት ደግሞ ይኸው ኦክሲ ነው። አንዱ ባለከብት "ወላሂ፣ ላሜ መርፌ አይታ አታውቅም" ብሎ ምሎልኝ፣ ዞር ስል ቢጫው ጠርሙስ ከቀርከሃ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ማየቴን አየና ሁለታችንም ሳቅን። ሌላው ደህና ላም አሳይቶኝ ስመለስ ሸጧት ቆየኝ። ዝናቡ ጀምሯል፤ መዥገሮቹ እኔን አይጠብቁም።

ላሟን ያገኘኋት ከአሶሳ በሞተር ብዙም በማያርቅ የበርታ መንደር ነው። ባለቤቷ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ያላቸው ከብት እሷ ብቻ ናት፤ ቀይ፣ ቀንደ አጭር፣ ሆዷ የገፋ። ለምን መርፌ እንዳላስወጓት ስጠይቃቸው "ወተቱ ይሸታል" አሉኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ወንድና ሴት አይለዩበትም፣ ላሟንም "እሱ" ይሏታል። የኔ በርታኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ የምስቅበት ምክንያት የለኝም።

ሆዷን ሳይ መቼ እንደምትወልድ ጠየቅኳቸው። "ቀርቧል" አሉ። "ሲወልድ ካማሺ ይሄዳል። ለልጄ ነው።"

ሴት ልጃቸው ካማሺ ነው ያገባችው። እዚያ ግርግር በተነሳ ጊዜ ከብቷንም ቤቷንም ጥላ ሸሽታ እናቷ ዘንድ ስትኖር ቆየች፤ አሁን ከባሏ ጋር ተመልሳ እንደገና ቤት መሥራት ጀምራለች። ላሟ ከነጥጃዋ የተሰጠችው ለእሷ ነው። ላሟን ዛሬውኑ ለምን አይልኳትም ብዬ ብጠይቅ አላዋቂነቴ ገረማቸው። "ባዶ ላም ምን ያደርጋል? ልጄ ሁሉ ነገር ሄደበት። አሁን ቤት ሲገባ ወተት ማየት አለበት።" ይህን ሲሉ የላሟን ሆድ በመዳፋቸው ይደባብሱ ነበር።

እኔም የመጣሁበትን ተናገርኩ። "መዥገሮቹን አይንቀሏቸው፣ ላሟንም መድኃኒት አይንካት፤ ጠግበው ሲወድቁ እኔ እወስዳቸዋለሁ" አልኳቸው። ጭራዋን አንስተው የተንጠለጠሉትን አዩ።

"እነዚህ ያንተ ናቸው?"

"አዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ናቸው" አልኩ። መቀለዴ ነበር።

"እሺ" አሉ። "አማና ነው።"

አማና አደራ ማለት ነው። በዚያ መንደር የሰው ከብት በአደራ መያዝ የቆየ ነገር ነው፤ መንገድ የሚሄድ ወይም ግጦሽ ያጠረው ሰው ከብቱን ለሚያምነው ይሰጣል። ተቀባዩ ከራሱ ከብት አስቀድሞ ይጠብቀዋል። ሲወልድ ይነግራል፣ ቢሞት ቆዳውን ያሳያል፣ በቸልታው ከሞተ ደግሞ ከራሱ ይተካል። ይህን ወግ አውቀዋለሁ። ለመዥገርም ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሴቶቹን መዥገሮች ለመለየት ከገበያ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዝቼ ሄድኩ። ሻጯ "ለማን ነው?" ብላ ጠቀሰችኝ፤ ብሩን ሰጥቻት ሄድኩ። በየመዥገሩ ጀርባ ላይ አንድ አንድ ነጠብጣብ ሳሳርፍ ሴትዮዋ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ያዩ ነበር። ወንዶቹን እየዘለልኩ ሳልፍ "ለእሱስ?" አሉኝ።

"ወንድ ነው፤ እንቁላል አይጥልም።"

"እና አያጌጥም!" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ጥቂት የቀሩት ጥርሶቻቸው ሁሉ ታዩ።

ከዚያ ወዲህ መዥገሮቹን "ከብትህ" ይሏቸው ጀመር። ገና ሞተሬን ሳላጠፋ "ከብትህ ደህና ነው"፣ "ከብትህ ትናንት ጥላ ላይ ዋለ" ይሉኛል። ማንጎው ሥር ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ይቀርባል፣ አንዳንዴም የማሽላ ገንፎ በባምያ። እየበላሁ የማደርገውን እንዳስረዳቸው ይፈልጉ ነበር። አንድ ቀን ባክቴሪያውን ላስረዳቸው ሞከርኩ። መዥገሯ ሆድ ውስጥ የሚኖር ሌላ ፍጥረት እንዳለ፣ እሱ ከሌለ ልጆቿ እንደማይፈለፈሉ፣ እናትም ለልጇ እንደምታስተላልፈው ነገርኳቸው።

"እንግዳ ነው ወይስ ቤተሰብ?" አሉኝ።

"እኔም አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።"

"አማና ነው እንግዲህ" አሉና ገንፎውን ወደኔ ገፉት። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

ጠግባ የወደቀች መዥገር ብትገኝ እንዲያኖሩልኝ በጨርቅ የሚሸፈን ብልቃጥ ሰጥቻቸው ነበር። አንድ ጠዋት ስደርስ ብልቃጡ ባዶ ነው። ሴትዮዋ ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ ሳይመልሱ እግሯ የታሰረ ዶሮ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ውሰድ።"

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ከብትህን በላ።"

ከሁሉ ቀድማ የጠገበችው መዥገር ንጋት ላይ በረቱ ውስጥ ወድቃ ኖሮ ዶሮዋ ቀድማቸዋለች። ለመዥገር ዶሮ ካሳ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ግድ የለም ብል፣ ምንም አይደል ብል፣ እምቢ አሉ። ግድ የለም የሚለው ቃል ጭራሽ አስቆጣቸው። በመጨረሻ ዶሮዋን ተቀበልኩና ያኔውኑ መልሼ በአደራ ሰጠኋቸው፤ በዚህ ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮዋ በገመድ ታስራ ከበረቱ ርቃ ትውል ነበር። ታሪኩን ለቢሮ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የቀሩት መዥገሮች ማደግ ጀመሩ። ምስር የሚያካክሉት ባቄላ አከሉ። ነጠብጣቡ ከቆዳቸው ጋር እየተለጠጠ ሳሳ። ሌሊት ተኝቼ አስባቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ደሙን እየሳቡ ነው፣ አሁን ያ በውስጣቸው ያለው ፍጥረት ሥራውን እየሠራ ነው፣ ጥቂት ቀን ቢቀራቸው ነው እላለሁ። ለሥራ ብዬ የጀመርኩትን ነገር መውደድ ጀምሬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ሊገባው?

ቀጥሎ የሄድኩት ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ቀን ነው። ሞተሬ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተ አረፋፍጄ ደረስኩ። "ከብትህ ደህና ነው" የሚለኝ ድምፅ አልነበረም። ሴትዮዋን በረቱ ውስጥ አገኘኋቸው፤ የላሟን አንገት ደግፈው ቆመዋል። ላሟ አንገቷን ደፍታለች። የታጨደላት ሣር ሳይነካ ፊቷ ተከምሯል፣ አፍንጫዋ ደርቋል። የዓይኗን ቆብ ገለጥ ሳደርግ ሮዝ መሆን የነበረበት ገርጥቶ ወደ ቢጫ ሄዷል። ቴርሞሜትር አላስፈለገኝም፤ ጆሮዋ ይፋጃል። መዥገር ከሚያመጣቸው የደም በሽታዎች አንዱ ነው፤ ብዙ ከብት ላይ አይቼዋለሁ። መድኃኒቱም ኦክሲ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከገበያ ቀን።"

ገበያው ካለፈ ሰንብቷል። "ታዲያ ለምን አላሳከሟትም? መርፌ ወጊው ጎረቤትዎ አይደለም እንዴ?"

"መጣ። መርፌ ይዞ መጣ። እኔ መለስኩት።"

"ለምን?"

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ሆኖባቸው አዩኝ። "አማና አለ።"

"ለምን አላስደወሉልኝም?"

"ብጠራህ ምን ልበል? ያንተን ልግደል ልበልህ? እንዴት እንዲህ ይባላል?"

ተቆጣሁ። በዕድሜ እናቴን በሚበልጡ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ "እናቴ፣ ላሟ ልትሞት ነው እኮ!" አልኩ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ላሙ የኔ ነው" አሉ። "መዥገሩ ያንተ ነው። የኔን ለማዳን ያንተን እገድላለሁ?"

ጭራዋን አነሳሁ። ቀይ ነጠብጣብ ያለባቸው መዥገሮች ተነፍተዋል፣ ግን ገና አልሞሉም። አሁን ብነቅላቸው እንቁላል አይጥሉም፤ በግማሽ የጠገበች መዥገር ለኔ ከሞተች አትለይም። ሁለት ሦስት ቀን ቢታገሧቸው ራሳቸው ይወድቃሉ። ላሟ ግን ሁለት ሦስት ቀን የላትም። ካማሺ ያለችውን ሴት አይቻት አላውቅም፤ ያኔ ግን ባዶ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። መዥገሮቹም ይታዩኛል። ልቤ በሁለቱ መካከል ቆመ። ብዙ አልቆየም፣ ግን ቆሟል። ከዚያ ላሟ ጥርሷን አፋጨች። ከብት ጥርሱን ሲያፋጭ ሕመሙ የት እንደደረሰ ሙያዬ ያውቀዋል።

"ትወጋ" አልኩ።

"እንዲህ አይሆንም" አሉ። "በረት ውስጥ፣ ለብቻችን፣ አይሆንም። በሰው ፊት ፍታኝ።"

ቦርሳዬ ውስጥ ኦክሲ አልነበረም፤ እነዚያን መዥገሮች በስህተት እንኳ እንዳይነካብኝ ይዤው መዞር ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። ወደ መርፌ ወጊው ሮጥኩ። ከወለጋ መጥቶ መንደሩ ውስጥ ሱቅ የከፈተ፣ ጨውና ሳሙና እየሸጠ ከብት የሚወጋ፣ "ዶክተር" እየተባለ የሚጠራ ሰው ነው። ጠርሙሱንና መርፌውን አንስቶ እየተከተለኝ መንገዱን ሙሉ አላቆመም። "እኔ እኮ ገና በመጀመሪያው ቀን መጥቻለሁ! በዱላ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም። የሰው መዥገር ነው አሉኝ። የሰው መዥገር! በዕድሜዬ የሰው መዥገር ሰምቼ አላውቅም።"

ሦስታችን በረቱ ውስጥ ጭቃ ላይ ቆምን። "ዶክተሩ" መርፌውን ሞልቶ ወደ ላይ ቀስሮ ይዟል። ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው።

"ያንተ እንደሆነ በል። እኔ ጋ እንደነበረ በል። ቢሞት እንደማትጠይቅ በል።"

"እነዚህ መዥገሮች የኔ ናቸው" አልኩ። "እርስዎ ዘንድ በአደራ ነበሩ። ቢሞቱ አልጠይቅዎትም። አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ወደ "ዶክተሩ" ዞረው "ሰማህ?" አሉት። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን እንደያዘ "ሰምቻለሁ" አለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የላሟን ቀንድ ያዙና "ውጋ" አሉኝ። መርፌውን ከእሱ ተቀብዬ ራሴ ወጋኋት፤ መድኃኒቱን ለሁለት ከፍዬ፣ አንገቷ ላይ ግራና ቀኝ።

ወደ አሶሳ ስመለስ ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። እኛ ቤት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ "መድኃኒት አይንካት" ሲባል ከታመመች ትታከማለች ማለት አብሮ አለ፤ ሁሉም ስለሚያውቀው የሚናገረው የለም። እሳቸው ቤት ደግሞ አደራ በሕመም ምክንያት የሚሻር ነገር አይደለም፤ ይህንንም ሁሉም ስለሚያውቀው የሚናገረው የለም። እያንዳንዳችን የምናውቀውን አደረግን፤ በመካከላችን ላሟ ቆማ ነደደች። የኔን ንዴት ያባባሰው ግን ሌላ ነው። መዥገሮቼን አጣሁ ብዬ አዝኜ ነበር፣ በማዘኔም አፍሬ ነበር።

በማግስቱ "ዶክተሩ" ደውሎ ላሟ ማመስኳት ጀመረች አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ደወለ። "ላሟ ደህና ናት" አለ። "ጥጃው ወጣ" አለኝ። "ሞቶ ነው የወጣው።" ትኩሳቱ ከመርፌው በፊት ሥራውን ጨርሷል። መጀመሪያ ሳትበላ በዋለችበት ቀን ተወግታ ቢሆን ጥጃው ይተርፍ እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ "ዶክተሩም" ያውቃል። ልጅቷም ላሟን ሳትወስድ ቀረች። ላሟ አገግማ፣ እንደገና በኮርማ ተጠቅታ እስክትወልድ ካማሺ ያለው ቤት ያለ ወተት ሊከርም ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የባጃጅ ሾፌር ላቦራቶሪው በር ላይ በስሜ ጠርቶ ብልቃጥ ሰጠኝ። መዥገሮቹ ሞልተው ወድቀዋል። ሴትዮዋ ከበረቱ ጭቃ አንድ በአንድ ለቅመው፣ አጥበው፣ አፉን በጨርቅ አስረው ልከዋል። ጥጃቸው በሞተበት ቀን ነው የለቀሟቸው። በምስክር ፊት ፈትቻቸዋለሁና መጣል ይችሉ ነበር።

ሞቃትና እርጥብ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ጣሉ። ከሥራቸው እየተከመረ፣ ቡናማና አብረቅራቂ፣ ደስ የሚል እንቁላል ጣሉ። ከበሬው የወደቁትም በሌላው ሳጥን ውስጥ ጥለዋል። በየጠዋቱ ሁለቱን ሳጥኖች ከፍቼ አያለሁ። ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ የበሬው ወገን መጨማደድ ጀመረ፣ ቀጥሎ የላሟ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ቅርፊት እንጂ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በአንድ በኩል የጠረጠርኩት ነገር ነው የሆነው፤ የኛም መዥገሮች ያለዚያ ባክቴሪያ የሚሆንላቸው አይመስልም። ነገር ግን ያልተወጋ ወገን ከሌለኝ ሳጥኑ ደርቆባቸው ይሁን፣ እጄ አበላሽቷቸው ይሁን፣ ባክቴሪያው አልቆባቸው ይሁን በምን አውቃለሁ? አማካሪዬ በስልክ "ማነጻጸሪያ ከሌለህ ውጤት የለህም፤ በሚቀጥለው ክረምት ድገመው" አሉኝ። ትክክል ናቸው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "መዥገር አለቀ ብሎ የሚያዝን ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም" አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ የመዥገር ብልቃጥ ከቤታችን ፍሪጅ በመጥፋቱ አላህን አመሰገነች። እሷም ትክክል ናት።

ለጥጃው ማጽናናት ነበረብኝ። የሰው ከብት ሲሞት ሄዶ አላህ ይተካልህ ማለት ወግ ነው፤ እኛም ቤት፣ እነሱም ቤት። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ፊታቸውን ማየት ከበደኝ። በመጨረሻ ስኳር ገዝቼ፣ የምናገረውን በልቤ እያዘጋጀሁ ሄድኩ።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ላሟ አጥሩ ሥር ትግጣለች፤ ጎኗ ገብቷል፣ ዓይኗ ግን ጠርቷል። ጭራዋ ሥር ምንም የለም። ሴትዮዋ ማንጎው ሥር ከርከዴ ሊቀዱ ጎንበስ ብለው ነበር። ስኳሩን ተቀብለው ወደ ጎን አኖሩት። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ከብትህ ወለደ?"

"እንቁላል ጥለዋል" አልኩ። "አልተፈለፈለም።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ስንት እንቁላል ነው?"

"አንዷ ብቻዋን ሺዎች ትጥላለች።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጣሳውን አስቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ሐዘን ቤት እንደሚቀመጥ ሰው እግራቸውን አጥፈው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"አላህ ይተካልህ፣ ልጄ።"

አሚን ማለት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስደክም ድገመው ያሉኝ ሰው አሉ፣ የሳቀብኝም አለ፤ ሞቱብህ ብሎ ያጽናናኝ ግን አልነበረም። እኔም እንደዚህ ሊባልልኝ የሚችል ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ዓይኔን ወደ ላሟ አዙሬ "አሚን" አልኩ። ከዚያ "እናቴ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለጥጃው ነበር" አልኳቸው። "አላህ ይተካልዎ። ቀድሜ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"

"አሚን" አሉ። ጣሳውን አንስተው ከርከዴውን ቀዱልኝ።

"የኔ አንድ ነው" አሉ። "ያንተ ስንት ሺህ ነው።"